በኒም የነከርኩት ጋቢ ለምን ሁለት እጥበት አይዘልቅም?

ጥያቄው ከደሴ ነው የመጣው። በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

«አራዳ አካባቢ ከሸማኔዎች ጋቢ፣ ነጠላና የሕፃን መጠቅለያ እየተረከብኩ እሸጣለሁ። የኒም ቅጠል አፍልቼ፣ ጨርቁን አንድ ሌሊት አሳድሬ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ ‹ሽታ አይዝም፣ ትንኝም አያስጠጋም› እያልኩ ነው የማቀርበው። መጀመሪያ ደንበኞቼ ወደውት ነበር። አሁን ግን ሁለቴ ሲታጠብ ምንም የለውም ይሉኛል። ደንበኞቼ ደሴ ብቻ አይደሉም፤ ኮምቦልቻ፣ ሐርቡና ከሚሴም አሉ። የፋብሪካ ኬሚካል ሳልነካ፣ በእጽዋት ብቻ የሚዘልቅ ነገር መሥራት ይቻላል?»

እህቴ፣ ይቻላል። ግን ለሁሉም ዓይነት ጥበቃ አይደለም። ለሽታ፣ ለሻጋታና ለፀሐይ ከሆነ በእጽዋት ጥሩ ውጤት ይገኛል። ለትንኝ ከሆነ ግን እርስዎ ባሰቡት መንገድ አይሆንም። ለምን እንደማይሆን ካወቁ ሥራውን ራስዎ ያስተካክሉታል። ስለዚህ ከምክንያቱ ልጀምር።

ጨርቅ ላይ የምናደርገው ጥበቃ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጨርቁ ላይ ተቀምጦ ይሠራል። ላብ ላይ የሚራባውን ባክቴሪያ የሚያዳክም ታኒን የሚባል የእጽዋት ንጥረ ነገር እንዲህ ነው። የፀሐይ ጨረር የሚውጥ የቅጠል ቀለምም እንዲሁ። ከጨርቁ ጋር ይበልጥ በተያያዘ ቁጥር ይበልጥ ያገለግላል። ሁለተኛው ከጨርቁ እየወጣ ይሠራል። የጠጅ ሳር ዘይት፣ የባህር ዛፍ ዘይት፣ በመዓዛው ትንኝ የሚያባርር ሁሉ ከዚህ ወገን ነው። ትንኟ የምትሸሸው አየር ላይ የወጣውን ተን ነው። ዘይቱ ካልወጣ አይሠራም። ከወጣ ደግሞ ያልቃል። እና «መዓዛውን አጥብቄ ልሰረው» ቢሉ፣ አጥብቀው ባሰሩት መጠን ሥራውን ይነጥቁታል። የሚቻለው አወጣጡን ማዘግየት ነው፤ ካልሆነም በየጊዜው ማደስ።

የኮምቦልቻን የጨርቅ ሥራ ቀረብ ብዬ ስከታተል ደጋግሜ የማየው ይህንን ነው። ሰው ቅጠሉን ይለዋውጣል። ኒሙ ካልሠራ ጤና አዳም፣ እሱ ካልሠራ ብሳና ይሞክራል። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ቅጠሉ ጋ አይደለም። ቅጠሉንና ጥጡን የሚያያይዝ ነገር አለመኖሩ ነው።

ጥጥ ሴሉሎስ ነው። ሴሉሎስ ውሃ ይወዳል፤ የእጽዋት ቀለምንና ንጥረ ነገርን ግን አጥብቆ አይዝም። ሱፍ፣ ጸጉርና ቆዳ ፕሮቲን ስለሆኑ ይለያሉ። ሂናን ያስቡት። ወሎ ውስጥ ለሠርግ የተቀባች ሙሽራ እጇ ላይ ያለው ቀለም ከሳምንት በላይ ይቆያል፤ ብትታጠብም አይለቅም። ያንኑ ሂና ነጭ ነጠላ ላይ ቢያደርጉት ግን በጥቂት እጥበት ይገረጣል። ሂናው አንድ ነው፤ ያረፈበት ነገር ነው የተለየው። እርስዎ ጋቢውን ኒም ውስጥ ሲያሳድሩት ጭማቂው በክሮቹ መካከል ገብቶ ደረቀ እንጂ አልተያያዘም። ውሃ ያመጣውን ውሃ ወሰደው።

ኒሙ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተደርቦበታል። የኒም ዋናው ፀረ ነፍሳት ንጥረ ነገር አዛዲራክቲን ይባላል። በብዛት ያለው ቅጠሉ ውስጥ ሳይሆን ፍሬው ውስጥ ነው። ውሃ በደንብ አያሟሟውም። ሙቀት ያፈርሰዋል፤ ፀሐይ ደግሞ የባሰ። ማፍላትም ፀሐይ ላይ ማስጣትም ያለችውን ጥቂቷን የሚያጠፉ ናቸው። ከሁሉ በላይ ግን አዛዲራክቲን በዋናነት የሚሠራው ተክሉን የሚበላውን ነፍሳት ምግብ በማስጠላትና እድገቱን በማወክ ነው። የወባ ትንኝ ጋቢ አትበላም። ደንበኞችዎ መጀመሪያ ሰሞን የወደዱት ምናልባት አዲሱን ሽታ ይሆናል።

ወደ አሠራሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ሕፃን መጠቅለያው አንድ ነገር በጥብቅ ልበል። እሱ ላይ ምንም ፀረ ትንኝ ነገር አያድርጉ። ሕፃን ጨርቅ ያኝካል፣ ይጠባል። የኒም ዘይት የዋጡ ሕፃናት በከባድ መመረዝ ታመው ያውቃሉ፤ የሚያንቀጠቅጥ ሕመም ድረስ። ከሎሚ ሽታው ባህር ዛፍ የሚወጣው የታወቀው ትንኝ ማባረሪያም ቢሆን ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች አይመከርም። «ከተፈጥሮ ነው» ማለት «ለሕፃን ይሆናል» ማለት አይደለም። ለሕፃን የሚሸጡት ጨርቅ በደንብ የታጠበ፣ ለስላሳ፣ ምንም ያልተጨመረበት ጥጥ ይሁን። እመኑኝ፣ እናቶች ለእሱም ይከፍላሉ።

አሁን ደንበኞችዎ የት እንዳሉ እንይ፤ ምን መሥራት እንዳለብዎት የሚወስነው እሱ ነውና። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ ልብስ ለቀናት አይደርቅም። የደሴ ሰው ችግር ትንኝ ሳይሆን እርጥበትና የሻጋታ ሽታ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትርቅም 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። እዚያ ላቡና ፀሐዩ ነው። ሐርቡና ከሚሴ ሲወርዱ ወባው ይበረታል። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ጨርቅ ነክሮ መሸጥ ለማንም የማይሆን ጨርቅ መሸጥ ነው። ስለ ብል የሚጠይቅዎት ደንበኛም ይኖራል። የልብስ ብል የሚበላው ሱፍና ጸጉር ነው። የጥጥ ጋቢ ንጹሕ ሆኖ ከተቀመጠ ብል አያሰጋውም፤ ለእሱ ብለው ምንም አይድከሙ።

ለሽታና ለፀሐይ የሚሆነውን አሠራር በዝርዝር ልንገርዎት። የሚዘልቀው ይኸኛው ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከማጽዳት ነው። ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንን ነው። ጥሬ ጥጥ የራሱ ሰም አለው። ሰሙ ካልወጣ የሚነክሩት ነገር ውስጥ አይገባም፤ ላይ ላዩን ይቀራል። የጋቢ ድር (የቁመቱ ክር) ብዙውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ሲሆን ማጉ (የአግድሙ ክር) የእጅ ፈትል ነው። የእጅ ፈትሉ ሰሙን እንደያዘ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አንዱ ክር ይጠጣል፣ ሌላው አይጠጣም፤ ጨርቁም ዥጉርጉር ይሆናል። ለ1 ኪሎ ደረቅ ጨርቅ 20 ሊትር ውሃ፣ 40 ግራም ሶዳ አሽ (የማጠቢያ ሶዳ) እና ትንሽ ሳሙና አድርገው ከአንድ ሰዓት በላይ በዝግታ ያፍሉት። ውሃው እንደ ሻይ ሲቀላ ሰሙና ቆሻሻው እየወጣ ነው ማለት ነው። በደንብ ያለቅልቁት። ከዚያ ደረቁ ጨርቅ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ያንጠባጥቡ። በ5 ሰከንድ ውስጥ ከጠጣው ጸድቷል። ጠብታው እንደ ዶቃ ከተቀመጠ ይድገሙት።

ፋብሪካ የተሸመነ አቡጀዲ ከሆነ የሚሠሩበት ደግሞ ስታርች አለበት። ለሽመና ሲባል ድሩ ላይ የተቀባ ነው። ይህን የሚያወጣልዎት ብቅል ነው፤ ያው የጠላው ብቅል። የተፈጨ ብቅል ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈው ያጥልሉት። ውሃውን ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ያድርሱት፤ እጅ አስገብተው ማቆየት የሚከብድበት ሙቀት ነው። ጨርቁን ሁለት ሰዓት ያህል በዚያ ውስጥ ያቆዩት። ብቅሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጠውና ውሃ ይወስደዋል። ድሮ የፋብሪካ ፊኒሺንግ (የጨርቅ ማጠናቀቂያ) ክፍሎችም በብቅል ነበር ይህን የሚሠሩት። መውጣቱን ለማወቅ ከፋርማሲ አዮዲን ገዝተው አንድ ጠብታ ያድርጉበት። ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ገና አለ። ይህን የምለው ለደሴው ሻጋታም ነው። ሻጋታ ስታርች ይወዳል። ስታርቹን ያወጡለት አቡጀዲ ምንም ሳይጨመርበት እንኳ ክረምቱን የተሻለ ይችላል።

ቀጥሎ ታኒን ነው። ታኒን ቆዳ ፋቂዎች በግራር ቅርፊት የሚጠቀሙበት፣ ሻይ ሲጠቁር አፍ የሚያደርቀው ነገር ነው። ጥጥ ከብዙ የእጽዋት ንጥረ ነገር ይልቅ ታኒንን ይቀበላል። የግራር ቅርፊት ጥሩ ምንጭ ነው፤ ግን ቅርፊቱን የላጡት ዛፍ ይደርቃል። ወሎ ላይ ዛፍ አድርቆ ጨርቅ ማሳመር ልክ አይደለም። ለማገዶ ከተቆረጠ እንጨት ላይ ከሆነ ይውሰዱ። የሮማን ልጣጭም ይሆናል፤ ማግኘቱ ነው የሚቸግረው። እኔ ለደሴ የምመርጠው ባህር ዛፍ ነው። ቅጠሉ ታኒንም ቢጫ የሚሰጡ ቀለሞችም አሉት። እነዚህ ቀለሞች የፀሐይ ጨረር በደንብ ይውጣሉ። ከከተማው ዙሪያ ያለው ባህር ዛፍ ደግሞ አያልቅብዎትም፤ ቅጠሉን ቢለቅሙት ዛፉ አይጎዳም። ለ1 ኪሎ ጨርቅ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ቅጠል ከታትፈው አንድ ሰዓት ያፍሉ፣ ያጥልሉ። ከሁለት ይክፈሉት። አንዱን አሁን ይጠቀሙበታል፣ ሌላውን በኋላ። የመጀመሪያው ከእሳት ወርዶ 50 ወይም 60 ዲግሪ እያለ ጨርቁን ይንከሩበትና እስኪቀዘቅዝ ያሳድሩት። ድስቱ የማይዝግ ይሁን። የብረት ድስት ታኒኑን ያጠቁረዋል፤ ጋቢው አመድ መስሎ ይወጣል።

ከዚያ ሸብ። ገበያ ላይ የሚሸጠው ነጩ ሸብ ነው፤ ተክል ሳይሆን ማዕድን ነው። ለ1 ኪሎ ጨርቅ ከ100 እስከ 150 ግራም በሙቅ ውሃ ያሟሙ። 15 ግራም ሶዳ አሽ ለብቻው አሟሙተው ቀስ እያሉ ይጨምሩበት። ይፈላል፣ ይገነፍላል፤ ስለዚህ ሰፊ ዕቃ ይያዙ። ጨርቁን አስገብተው ለብ ባለ ሙቀት ያሳድሩት። ሸቡ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ነው ማያያዣው። በአንድ በኩል ታኒኑን፣ በሌላ በኩል የቅጠሉን ቀለም ይይዛል። ሦስቱ ሲያያዙ ውሃ በቀላሉ የማያሟሟው ነገር ይሆናሉ። በነጋታው እፍኝ ፉርሽካ የተነከረበት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ያገላብጡት። ያልተያያዘውን ትርፍ ሸብ ይጠርግለታል። አሁን ያስቀመጡትን ሁለተኛውን የባህር ዛፍ ውሃ ያምጡና አንድ ሰዓት ሳይፈላ ያሙቁት። ያለቅልቁት፣ ጥላ ላይ ያድርቁት። እስከ ሳምንት ድረስ ሳያጥቡ ያቆዩት።

እዚህ ላይ ቅር የሚያሰኝ ነገር አለ። ነጩ ጋቢ ነጭ ሆኖ አይቀርም። ቢጫማ፣ አንዳንዴም ቡኒ ይሆናል። መከላከያውም ቀለሙም ያው አንዱ ነገር ስለሆነ ሊለያዩ አይችሉም። «የእጽዋት ነው፣ ይዘልቃል፣ ደግሞም ነጭ ነው» የሚል ሻጭ ካለ አይመኑት። ይልቅ ቀለሙን ራሱን ይሽጡት። ለቤተ ክርስቲያንና ለሠርግ ነጩ ይቀመጥ። ለየቀኑ ልብስ፣ ለመኝታ፣ ለሽርጥ፣ ለሻሽ የባህር ዛፉ ቀለም ያምራል።

ሌላም ብልሃት አለ፤ ለእርስዎ ከሁሉ የሚጠቅመው ምናልባት ይኸኛው ነው። ያለቀውን ጋቢ ሳይሆን ማጉን ያክሙ። ፈትሉን ላላ ባለ ጥቅልል አድርገው፣ ከማጽዳት ጀምሮ ያለውን ሥራ ሁሉ ክሩ ላይ ጨርሰው ለሸማኔው ይስጡት። ጥለቱ አይደበዝዝም፣ ቀለም አይለቅም። ክሩ እኩል ስለሚጠጣ ዥጉርጉር የለውም። ድሩን ነጭ ቢተውት እንኳ ሰውነት የሚነካው ብዙው ማጉ ነው።

ይህ ምን ይሰጣል? ሽታን በተመለከተ፣ የሚሸተው ላቡ ራሱ አይደለም፤ ባክቴሪያ ላቡን ሲበላ የሚያወጣው ነው። ታኒንና የባህር ዛፍ ቀለም የእነዚህን ባክቴሪያዎች መራባት ይቀንሳሉ። ይቀንሳሉ እንጂ አያጠፉም። ጥጥ ደግሞ ከፖሊስተር ያነሰ የላብ ሽታ ይይዛል፤ ስለዚህ በጎ ጅምር አለዎት። ፀሐይን በተመለከተ ውጤቱ ይበልጥ ግልጽ ነው። ስስ ነጭ ነጠላ ከፀሐይ የሚከላከለው እጅግ ትንሽ ነው፤ በተለይ በበረኪና የነጣ ከሆነ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የቆዳ አቃጣዩ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደሴ ላይ ብርድ ስላለ ፀሐዩ ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። ቀን ሙሉ ሰኞ ገበያ ለሚውል ሰው የቀለመ ነጠላ ከነጭ ነጠላ በጣም ይሻላል። ጋቢ ግን በውፍረቱ ብቻ ይበቃል፤ ለፀሐይ ብለው ጋቢ አይንከሩ።

«ከዚህ የጠበቀ የለም ወይ?» ካሉ፣ አለ። ሲትሪክ አሲድ ነው። ከጥጡም ከእጽዋቱም ጋር እውነተኛ የኬሚካል ትስስር ይፈጥራል። ከ60 እስከ 80 ግራም በ1 ሊትር ውሃ፣ የዚያ ግማሽ የሚሆን ትስስሩን የሚያፋጥን ሶዲየም ሃይፖፎስፋይት፣ ከዚያ ከ150 እስከ 170 ዲግሪ ሙቀት ለ2 ወይም 3 ደቂቃ። ጨርቅ እንዳይጨማደድ ሲባል ለዘመናት የተሠራበት የፎርማልዴሃይድ ዘዴ ምትክ ሆኖ የተፈለገው ይህ ነው፤ ፎርማልዴሃይድ ካንሰር አምጪ መሆኑ ስለተረጋገጠ። ችግሩ ሙቀቱ ነው። እኩል ሙቀት የሚሰጥ የፋብሪካ ማድረቂያ ይፈልጋል። ካውያ ለናሙና ይሆናል፤ ለጋቢ ሙሉ ግን አንዱ ቦታ ይቃጠላል፣ ሌላው አይበስልም። ጨርቁን ትንሽ ቢጫ ያደርገዋል፣ ጥንካሬውንም ይቀንሳል። ሎሚ ጨምቆ መተካትም አይቻልም፤ ሎሚው ውስጥ ያለው ስኳር በዚያ ሙቀት ይቃጠላል። ሃይፖፎስፋይቱ ደግሞ ከተክል አይወጣም። ከሸብና ከሶዳ አሽ በስተቀር «በእጽዋት ብቻ» የሚለውን ቃልዎን መጠበቅ ከፈለጉ እዚህ ጋ ይቁሙ። ቃሉን ማላላት ካልከበደዎት፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ያለውን የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ወይም ባህር ዳር ያለውን የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጠይቀው በላቦራቶሪ ቢሞክሩት ደስ ይለኛል።

ወደ ትንኙ ልመለስ፤ የሐርቡና የከሚሴ ደንበኞችዎ አሉና። የአልጋ አጎበር ታሪክ እዚህ ይጠቅመናል። የመጀመሪያዎቹ ኬሚካል የተነከሩ አጎበሮች በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ እንደገና መነከር ነበረባቸው። ሰው ደግሞ አይነክራቸውም ነበር። በኋላ ኬሚካሉ ክሩ ውስጥ የሚገባበት ወይም ከሽፋን ጋር የሚያያዝበት ዘዴ መጣ። አሁን የዓለም ጤና ድርጅት ዘላቂ አጎበር የሚለው ቢያንስ 20 እጥበትና 3 ዓመት አገልግሎት የሚችለውን ነው። እነዚህ አጎበሮች ላይ ያለው ዋናው ኬሚካል የተቀዳው ፓይረትረም ከሚባል አበባ ነው። አበባው ውስጥ ያለው ተፈጥሯዊው ፓይረትሪን ፀሐይ ላይ ቶሎ ይፈርሳል። ሳይንቲስቶች እሱን መስሎ ፀሐይ የሚችል ሠሩ፤ አንዱ ፐርሜትሪን ነው። የሚሠራውም ትንኟ ስትነካው እንጂ በመዓዛ አይደለም። ተቀምጦ ስለሚሠራ ነው ሊዘልቅ የቻለው።

የጠጅ ሳርና የባህር ዛፍ ዘይት እንደዚያ አይሆኑም። በጠጅ ሳር ወገን ያሉ ዘይቶች ቆዳ ላይ ሲቀቡ ሁለት ሰዓት ያህል ቢቆዩ ነው። ዘይቱን በጥቃቅን ከረጢት ውስጥ ሸፍኖ ጨርቅ ላይ መለጠፍ የሚባል ቴክኖሎጂ አለ። የከረጢቱ ግድግዳ ከጀላቲንና ከራሳችን የግራር ሙጫ ሊሠራ ይችላል። ጨርቁ ሲታሽ ከረጢቱ ይፈነዳል፣ መዓዛው ይወጣል። ቆንጆ ሥራ ነው፤ ግን እጥበትም ያፈነዳዋል። ከቤት ሥራም በላይ ነው። ስለዚህ ለእነዚህ ደንበኞች የምመክርዎት ጋቢውን ለብቻ፣ ዘይቱን ለብቻ እንዲሸጡ ነው። ሲመሽ ጫፉ ላይ የሚረጭ ትንሽ ጠርሙስ፤ ሲያልቅ ሌላ ይገዛሉ። ለአዋቂ ብቻ መሆኑን ይንገሯቸው። አጎበሩን የሚተካ አለመሆኑንም ይንገሯቸው። ይህን በቃልም በጽሑፍም ይበሉት። ጋቢዎን አምኖ ያለ አጎበር የሚተኛ ሰው እንዳይኖር።

ከመሸጥዎ በፊት ራስዎ ይፈትኑ። ከአንድ ጣቃ ሦስት ቁራጭ ይቁረጡ። አንዱ ምንም ያልነካው፣ ሁለተኛው የተነከረ ግን ያልታጠበ፣ ሦስተኛው ተነክሮ 20 ጊዜ የታጠበ። 20 እጥበት አሰልቺ ነው፤ ግን ደንበኛዎ ቤት የሚሆነው ያው ነው። ለሽታ፣ ቁራጮቹን ቀን ሙሉ የሚሠራ ሰው ሸሚዝ ብብት ላይ በመርፌ ያያይዙ። ሲመሽ ለየብቻ ማሰሮ ውስጥ ዘግተው ያሳድሩ። ጠዋት የትኛው የቱ እንደሆነ የማያውቅ ሰው ያሽትታቸው። እርስዎ ያሸተቱት አይቆጠርም፤ ልብዎ ያደላል። ለፀሐይ፣ ሐሰተኛ ብር የሚፈትሹበትን ወይን ጠጅ (አልትራቫዮሌት) መብራት ይዋሱ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ነጭ ወረቀት ሲያበሩበት ሰማያዊ ይፈካል። ቁራጩን በመሐል ያድርጉ። ወረቀቱ ከጠቆረ ጨርቁ ጨረሩን ይዞታል። ከታጠበው ቁራጭ ጋር ሲያስተያዩት ምን ያህል እንደቀረ ያሳይዎታል። ሻካራ ፈተና ነው፣ ግን አይዋሽም። ብዛት ላለው ትዕዛዝ፣ ለምሳሌ ለሆቴል ወይም ለክሊኒክ ከሆነ ግን ላቦራቶሪ ይግቡ። በቁጥር የሚለካው የፀረ ባክቴሪያ ፈተና አይሶ 20743 ይባላል፤ ስሙን ይዘው ይጠይቁ።

አስተጣጠቡም የሥራው አካል ነው። ጨርቁን የሚገድለው በረኪና ነው፤ አንዴ ከነካው ሁሉንም ያፈርሰዋል። ሶዳ የበዛበት የልብስ ሳሙናም ትስስሩን ያላላል። ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና፣ ቀዝቃዛ ውሃና ጥላ ይሻላል። እናቶቻችን ነጠላ የሚያጥቡበት እንዶድ እዚህ ቦታ አለው፤ አረፋው ሳፖኒን ከሚባል የራሱ ንጥረ ነገር እንጂ ከሶዳ አይደለም። ፍሳሹን ግን ወንዝ ውስጥ አይድፉ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቢልሃርዚያን የሚያዛምቱ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነበር የቢልሃርዚያ ምርምራቸውን የጀመሩት። ዓሣንም ይገድላል። የቦርከና ወንዝ ከደሴ ወርዶ ኮምቦልቻን አልፎ የሰው አትክልት ያጠጣል። የሸቡ ፍሳሽ በጣም የሚያሰጋ አይደለም፤ ቀለም ያጠብቃል ተብሎ የሚጨመረው ሰማያዊው የመዳብ ጨው ግን መርዝ ነው። የሚሸጥልዎት ቢኖር አይግዙ። የብረት ጨውም ቀለሙን ያጠቁራል፣ ጥጡንም በጊዜ ያሳሳዋል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የሚለጥፉት ጽሑፍ ነው። «ትንኝ አያስጠጋም» የሚለውን ዛሬውኑ ያንሱት። በምትኩ የፈተኑትን ብቻ ይጻፉ፤ «በባህር ዛፍ ቅጠልና በሸብ የቀለመ። እስከ 20 እጥበት ተፈትኗል። በረኪና አይንካው። ጥላ ላይ ይድረቅ።» ጋቢ የመለሱልዎትን ደንበኞች ስም ይያዙ። የመጀመሪያው አዲስ ሥራ ሲወጣ ለእነሱ ይስጡና እየታጠበ ምን እንደሆነ ይጠይቋቸው። ማጉን አስቀድመው የሚያክሙ ከሆነ ደግሞ ከሸማኔዎ ጋር በአንድ ኪሎ ይጀምሩ። ሦስቱን ቁራጭ ይዘው ኮምቦልቻ ብቅ ካሉ አብረን እናያቸዋለን።